የሪፍ አኳሪየም ሜካኒካል ማጣሪያ፦ ከአመራረጥ እስከ አጠባ

በጨው ውኃ አኳሪየም ኮራል የሚያሳድግ ሰው ስለ ማጣሪያ ሲያስብ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ዕቃው ላይ ነው፤ የትኛው ከረጢት፣ የትኛው ስፖንጅ፣ የትኛው ማሽን ይሻላል ይላል። እኔ አስቀድሜ የማነሣው ሌላ ነገር ነው። ሜካኒካል ማጣሪያ ቆሻሻን ይይዛል እንጂ አያስወግድም። የተረፈ ምግብ፣ የዓሣ ዓይነ ምድር፣ የተበጣጠሰ አልጌ ከረጢቱ ውስጥ ከገባ በኋላም ውኃው በላዩ ላይ መፍሰሱን አያቆምም። የሻይ ቅጠሉን በማጥለያ ይዞ ማጥለያውን ኩባያው ውስጥ እንደ መተው ነው፤ ቅጠሉ ከዓይን ቢሰወርም ሻዩ መጥቆሩን ይቀጥላል። የተያዘው ቆሻሻ ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል፤ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ፎስፌትም አብሮ ይለቀቃል። ቆሻሻው ተወገደ የሚባለው ከረጢቱ በእጅዎ ከውኃው የወጣ ዕለት ነው።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ለራስዎ ይመልሱ፦ በሳምንት ስንት ጊዜ በእርግጥ ከገንዳው ሥር ተንበርክኬ እጄን ላስገባ እችላለሁ? ሁለቴ የሚችል ሰውና በወር አንዴ የሚችል ሰው አንድ ዓይነት ማጣሪያ መግዛት የለባቸውም።

ለምሳሌ የምይዘው አሜሪካ ውስጥ 75 ጋሎን እየተባለ የሚሸጠውን፣ 284 ሊትር ገደማ የሚይዘውን፣ ርዝመቱ 120 ወርዱ 46 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ነው። ከሥሩ ካቢኔ ውስጥ ሳምፕ፣ ማለትም ማጣሪያዎቹ የሚቀመጡበት ሁለተኛ ገንዳ፣ አለ፤ ውኃው ከላይ በመውረጃ ቱቦ ይወርድና ተጣርቶ በመመለሻ ፓምፕ ይወጣል። ሳምፕ ለሌላችሁም የሚሆነውን ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

1. ቆሻሻው ወደ ማጣሪያው እንዲደርስ ማድረግ

ወደ ከረጢቱ ያልደረሰ ቆሻሻ አይጣራም። ብዙ ጊዜ ማጣሪያው ደካማ ነው ተብሎ የሚታማው ከድንጋዩ ጀርባ ውኃው ስለሚተኛ ነው። መብራቱ ሲጠፋ የእጅ ባትሪ ይያዙና ገንዳውን ከጎን ይመልከቱ፤ ቡናማ ደለል የተከማቸበት ጥግ ሁሉ ፍሰት ያልደረሰበት ቦታ ነው።

ድንጋዮቹን ከኋለኛው መስታወት ቢያንስ አንድ መዳፍ ያርቁ፤ ከሥራቸውም ውኃ የሚያልፍበት ክፍተት ይተዉ። ገንዳው ውስጥ ሆነው ውኃውን ከሚያንቀሳቅሱት የማዕበል ፓምፖች አንዱ ይህን የኋላ መተላለፊያ እንዲጠርግ፣ ሌላው የውኃውን ገጽ ወደ መውረጃው እንዲገፋ አድርገው ያስቀምጡ። በገንዳው ውስጥ ያለው ጠቅላላ እንቅስቃሴ በሰዓት የገንዳውን መጠን ከ20 እስከ 40 እጥፍ ቢሆን ለአብዛኛው ኮራል ይስማማል። በሳምፑ የሚያልፈው ግን ያን ያህል መሆን የለበትም፤ ከ4 እስከ 6 እጥፍ፣ ማለትም ለምሳሌያችን በሰዓት ከ1,100 እስከ 1,700 ሊትር ገደማ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ጩኸቱና አረፋው ይበዛል።

በፓምፑ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይመኑ። ያ ቁጥር ውኃው ምንም ከፍታ ሳይወጣ የሚለካ ነው፤ ከሳምፑ እስከ ገንዳው ጫፍ ሲወጣ በጣም ይቀንሳል። እውነተኛውን ለማወቅ የመመለሻውን ውኃ እዚያው ከፍታ ላይ ወደ 10 ሊትር ባልዲ ያስገቡና ሰዓት ይያዙ። ባልዲው በ24 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 1,500 ሊትር ነው፤ በ30 ሰከንድ ከሞላ 1,200።

2. የሚስማማዎትን መምረጥ

የማጣሪያ ጨርቅ ቀዳዳ የሚለካው በማይክሮን ነው። አንድ ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን ስለሆነ፣ 200 ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ አምስተኛ ነው።

በብዙ ቤት የሚገኘው ፊልተር ሶክ የሚባለው የካልሲ ቅርጽ ያለው ከረጢት ነው። ሁለት ዓይነት ጨርቅ አለው። ወፍራሙና ብርድ ልብስ መሳዩ ውኃውን በደንብ ያጠራል፤ ቶሎ ይደፈናል፣ ለማጠብም ያስቸግራል። ከናይለን መረብ የተሠራው ደቃቁን ያሳልፋል፤ ነገር ግን በቧንቧ ውኃ ብቻ ይጸዳል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ለጀማሪ የምመክረው ባለ 200 ማይክሮን ነው። ባለ 100 ማይክሮኑ ይበልጥ ያጠራል፤ በዚያው ልክ በሁለት ቀን ሊሞላ ይችላል፤ ኮፔፖድ የሚባሉትን የኮራልና የትናንሽ ዓሦች ቀለብ የሆኑ ደቃቅ ፍጥረታትም አብሮ ይሰበስባል።

የማጣሪያ ጥጥ፣ ማለትም ነጩ ፖሊስተር፣ ርካሽ ነው፤ ሲቆሽሽ ይጣላል እንጂ አይታጠብም። ጊዜ ለሌለው ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቆርጦ መተካት ሁለት ደቂቃ ስለማይፈጅ በእርግጥ ይደረጋል። ለአኳሪየም ተብሎ የተሠራውን ይግዙ፤ ለትራስና ለፍራሽ የሚሸጠው እሳት እንዲከላከል በኬሚካል የታከመ ሊሆን ይችላል።

ስፖንጅን እንደ ዋና ማጣሪያ አልወደውም። ራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሳይታጠብ ወራት የመክረም ልማድ ስላለው ነው። ውስጡ የሰፈሩት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን እስከ ናይትሬት ያደርሱታል፤ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጂን ጋዝ የሚለውጡት ደግሞ ኦክስጅን በሌለበት፣ ለምሳሌ በድንጋይና በአሸዋ ጥልቀት ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። ስፖንጅ ቦታው የፓምፕ አፍ ነው፤ ቀንድ አውጣና አኔሞኒ እንዳይሳቡ ይከላከላል። እዚያም ቢሆን በየሳምንቱ መታጠብ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በላይ በራሱ የሚጠቀለል የጨርቅ ማጣሪያ አለ። ጨርቁ ሲደፈን ከኋላው ውኃው ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ተንሳፋፊ ወይም ዳሳሽ ሞተሩን ያስነሳና ንጹሕ ጨርቅ ይስባል፤ ቆሻሻው ተጠቅልሎ ከውኃው ውጭ ይቀራል። መግቢያ ላይ ያልኩትን ሥራ፣ ቆሻሻውን ከውኃ ማውጣቱን፣ ከእነዚህ ማጣሪያዎች መካከል በሰው ፋንታ የሚሠራው ይህ ብቻ ነው። ውድ ነው፤ ጥቅሉም እያለቀ ይገዛል። ዓሣ ለሚያበዛ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለሚመግብና ሥራው ከቤት ለሚያርቀው ሰው ዋጋውን ያወጣል። ሁለት ክላውንፊሽ ላለው ትንሽ ገንዳ ግን አያስፈልግም።

ስኪመርን ከዚህ ጋር አያምታቱ። ስኪመር በአረፋ አማካይነት ደቃቅ ቅንጣትንም የሟሟ ኦርጋኒክ ነገርንም ከመበስበሱ በፊት ይዞ ወደ ኩባያው ያወጣል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

3. መግጠም

ከረጢቱ የሚቀመጠው ውኃው ከላይ በሚወርድበት በሳምፑ የመጀመሪያ ክፍል፣ ከስኪመሩ፣ ከማሞቂያውና ከመመለሻ ፓምፑ በፊት ነው። አዲስ ከረጢት ከመግጠምዎ በፊት በንጹሕ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁት፤ ብናኝና የፋብሪካ ቅሪት ይኖረዋል።

የመውረጃው ቱቦ ጫፍ በከረጢቱ ውስጥ ከውኃው ወለል ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ጩኸቱም አረፋውም ይቀንሳል። በጣም ከጠለቀ ግን ቱቦው አየር ማስወጣት ያቅተውና ፍሰቱ አንዴ እየፈጠነ አንዴ እየዘገየ ይወዛወዛል።

አሁን የምናገረውን እባክዎ አይዝለሉት። ከረጢት መደፈኑ አይቀርም፤ ሲደፈን ውኃው የሚሄድበት መንገድ ከወዲሁ ሊኖር ይገባል። የከረጢቱ አፍ ከሳምፑ ግድግዳ ዝቅ ያለ መሆን አለበት፤ ሲሞላ በአፉ ፈስሶ እዚያው ሳምፑ ውስጥ እንዲወርድ እንጂ ምንጣፉ ላይ እንዳይፈስ። ለመፈተን ከረጢቱ ውስጥ የፕላስቲክ ከረጢት ያስገቡና ሆን ብለው ይድፈኑት፤ ፓምፑን አስነሥተው ውኃው በየት እንደሚሄድ ቆመው ይመልከቱ።

ሁለተኛው ፈተና መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነው። ፓምፑ ሲቆም ውኃው ወደ ሳምፑ ይመለሳል። በምሳሌያችን ገንዳ የ1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ውኃ 5.5 ሊትር ገደማ ነው። የመመለሻው አፍ ከውኃው ገጽ 4 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ከሆነ ገጹ አፉ ድረስ እስኪወርድ ውኃውን መልሶ ስለሚስብ፣ ከ20 ሊትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሳምፑ ይህን ለመቀበል ባዶ ቦታ አለው? ከሌለው የመመለሻውን አፍ ወደ ገጹ ያቅርቡ፤ ከውኃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ በቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ቢበሳም አየር ገብቶ መሳቡን ያቆመዋል። ቀዳዳው በጨውና በአልጌ ስለሚደፈን በየጊዜው ይጠረግ።

የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ወደ ሶኬቱ ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ዝቅ ብለው ተጠማዝዘው ይውጡ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ወደ ሶኬቱ ሳይሆን ወደ ወለሉ ይንጠባጠባል። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በራሱ የሚያጠፋ ማብሪያም የግድ ነው። የጨው ውኃ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል።

4. በምግብ ሰዓት

ምግቡ ወደ ውኃው በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ከረጢቱ ውስጥ ቢገኝ የሚጠቀመው ባክቴሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲመግቡ መመለሻ ፓምፑን ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ያጥፉ፤ የማዕበል ፓምፖቹ ግን በዝግታ ይሥሩ። አሁን ያሉት ብዙ ፓምፖች ለዚህ የተዘጋጀ፣ ጊዜው ሲደርስ ራሱ የሚያስነሳ ቁልፍ አላቸው፤ ከሌለ ሰዓት ቆጣሪ ይጠቀሙ። ለኮራል የሚሰጥ ደቃቅ ምግብ ከሆነ ከረጢቱን ለአንድ ለሁለት ሰዓት አውጥቶ መመለስ ይሻላል። በባሕር ውስጥ ያለ ሪፍ በማዕበል የሚመጣ ደቃቅ ምግብም ያገኛል፤ ውኃውን ጠርሙስ እስኪመስል ማጥራት ለዓይናችን እንጂ ለኮራሉ የሚደረግ ውለታ አይደለም።

5. መቀየር

በየሦስት ቀኑ ይቀይሩ፤ ግፋ ቢል በአራተኛው። ውኃው በከረጢቱ አፍ መፍሰስ ከጀመረ ቀኑ ቢቀረውም ጊዜው አልፏል፤ አሁን የሚያጣራው ነገር የለም። በሁለት ቀን ውስጥ ከሞላ ከረጢቱን ከመውቀስ በፊት የሚሰጡትን የምግብ መጠን ይመርምሩ።

ሲያወጡ መጀመሪያ መመለሻ ፓምፑን ያጥፉ፤ ውኃው ወርዶ እስኪያበቃ ይጠብቁ። ባልዲ ያቅርቡ። ከረጢቱን በቀለበቱ ይዘው ቀስ ብለው ከፍ ያድርጉና ውኃው በራሱ ጊዜ ይንጠፍጠፍ። ሳምፑ ላይ አይጭመቁት፤ ሦስት ቀን የተጠራቀመው በአንድ ጭመቃ ይመለሳል። እጅዎ ላይ ቁስል ወይም ጭረት ካለ ጓንት ያድርጉ፤ በአኳሪየም ውኃ ውስጥ በቆዳ ስንጥቅ ገብተው የሚያስቸግሩ ባክቴሪያዎች አሉ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። በእያንዳንዱ እርጥብ ከረጢት የጨው ውኃ አብሮ ይወጣል፤ ስኪመሩም እንዲሁ ያወጣል። የጎደለውን የሚሞላው ግን ጨው የሌለው ንጹሕ ውኃ ነው። ስለዚህ ጨውነቱ በሳምንታት ውስጥ ሳይታወቅ ይወርዳል። በየሳምንቱ ይለኩ፤ በሺህ 35፣ ወይም ከንጹሕ ውኃ ጋር ሲነጻጸር ባለው ጥግግት በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.026 ላይ ይቆይ።

6. ማጠብ

ስድስት ያህል ከረጢት ይኑርዎት፤ ሲቀይሩ የቆሸሸውን አጠራቅመው በአንድ ቀን ማጠብ ያመቻል። መጀመሪያ ከረጢቱን ገልብጠው ውስጡን ወደ ውጭ ያድርጉና በጠንካራ የቧንቧ ውኃ ይርጩት። የመረብ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይጨርሳል።

ወፍራሙ ግን በረኪና ይፈልጋል። ሽታና ሳሙና ያልተጨመረበት ተራ በረኪና ይግዙ። ለ10 ሊትር ውኃ ግማሽ ሊትር ያህል ጨምረው ከረጢቶቹን ሌሊቱን ይዘፍዝፉ። ጠዋት ደጋግመው ያለቅልቁ፤ ከዚያ የክሎሪን ማጥፊያ በተጨመረበት ንጹሕ ውኃ ለጥቂት ሰዓት ይዘፍዝፉና ፀሐይ ወይም ነፋስ ላይ እስኪደርቁ ይስቀሉ። አፍንጫዎ የበረኪና ሽታ ካገኘ ገና ነው፤ ይድገሙት። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለምትኖሩ፣ የቧንቧችሁ ውኃ በአብዛኛው የሚታከመው በክሎራሚን ስለሆነ እንደ ክሎሪን አድሮ አይበንም፤ ማጥፊያውን አትዝለሉት።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን መጠቀም ይቻላል፤ ያለ ምንም ሳሙና፣ መጀመሪያም ማሽኑን አንድ ዙር በባዶው አሽከርክሮ። ኦሞም ሆነ ሌላ የልብስ ሳሙና፣ ከሁሉ ይልቅ ልብስ ማለስለሻ፣ ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፤ ከረጢቱ ሲመለስ ስኪመሩ በአረፋ ሞልቶ ይፈሳል፤ ለኮራሉም ጥሩ አይደለም።

ፓምፕና ቱቦ ላይ የሚጋገረውን ነጭና ሐምራዊ ቅርፊት የሚያሟሟው አቼቶ ነው። አቼቶና በረኪና ግን በፍጹም በአንድ ባልዲ አይገናኙ፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። የበረኪናው ባልዲ ለበረኪና ብቻ ይሁን።

ታጥቦ የደረቀ ከረጢት በግማሽ ቀን ውስጥ እንደገና ከተደፈነ ጨርቁ አልቋል፤ ይጣሉት።

7. የተኛውን ማስነሳት

በሳምንት አንዴ፣ ከረጢት ከሚቀየርበት ቀን በፊት ባለው ምሽት፣ ትልቅ የጎማ ጭንቅላት ባለው መምጠጫ ድንጋዮቹን ይንፉ። ደለሉ ሲነሣ ውኃው ይደፈርሳል፤ አይደንግጡ፣ በሰዓታት ውስጥ ከረጢቱ ይሰበስበዋል፤ ጠዋት አውጥተው ይጥሉታል። ማጣሪያው ከሚሠራው ሥራ ትልቁ የሚሠራው በዚህ ምሽት ነው ብዬ አምናለሁ። የሳምፑን ወለልም በወር አንዴ በቱቦ ይምጠጡ። ጥልቅና አሮጌ አሸዋ ካለዎት ግን በአንድ ጊዜ አይቆፍሩት፤ ከሥሩ መርዛማ የሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጋዝ ሊኖር ይችላል። ላይ ላዩን፣ ጥግ ጥጉን ይሂዱ።

ቀይ ዝልግልግ የሚመስለውን ሳያኖባክቴሪያ ወይም ጠፍጣፋ ትሎችን ሲመጥጡ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ሳምፑ ውስጥ በተሰቀለ ባለ 100 ማይክሮን ከረጢት ውስጥ ያስገቡት። የተመጠጠው ይያዛል፣ ውኃው ግን አይባክንም፤ ባልዲ ይሞላል ብለው ሳይቸኩሉ ግማሽ ሰዓት መሥራት ይችላሉ። እንደ ጨረሱ ያንን ከረጢት ወዲያው ያውጡት።

8. ለክቶ ማስተካከል

ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ቢሆን የተለያየ ዓይነት ኮራል ለሚያድግበት ቅይጥ ሪፍ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከወጣ መቀየሪያውን ቀን ያቅርቡ፣ ምግቡን ይቀንሱ፣ ውኃ ይለውጡ። አስቀድሞ የሟሟን ናይትሬት ግን የትኛውም ጨርቅ አይዘውም።

ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ይህ የምሥራች አይደለም። ኮራሉ ይገረጣል፤ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው፣ አረፋ ያዘለ ቡናማ ንፍጥ የሚመስለው ወረርሽኝም ብዙ ጊዜ የሚነሣው እንዲህ በተራበ ውኃ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ከረጢቱን በሳምንት ለጥቂት ቀናት ያውጡት፣ ምግብ ይጨምሩ፣ እንደገና ይለኩ። ለውጡን ቀስ በቀስ ያድርጉት።

ውኃው ቢጫ ከሆነ የሟሟ ነገር ነውና መድኃኒቱ አክቲቭ ካርቦን ነው። እንደ ወተት ከነጣ የባክቴሪያ መብዛት ወይም የካልሲየም መዝቀጥ ሊሆን ይችላል፤ ከረጢት መደራረብ አይፈታውም። አዲስ አሸዋ ስላስገቡ ከደፈረሰ ግን ጥሩ ጥጥ በአንድ ቀን ያጠራዋል።

ሳምፕ ለሌላችሁ

ከገንዳው ጀርባ የሚንጠለጠል ማጣሪያ ለትንሽ ሪፍ በደንብ ይሠራል። ከዕቃው ጋር የመጣውን ካርትሬጅ ትታችሁ ቦታውን በማጣሪያ ጥጥ ሙሉት፤ በሳምንት ሁለቴ ቀይሩት። ዝግ የሆነው ካኒስተር ግን ለመክፈት ስለሚያስቸግር ሳይከፈት ይከርማል፤ በየሳምንቱ ወይም ግፋ ቢል በየሁለት ሳምንቱ የማትከፍቱት ከሆነ ጥጥና ስፖንጁን አውጥታችሁ ለካርቦን ብቻ ተጠቀሙበት።

ከቤት ሲርቁ

ከአራት ቀን በላይ የሚሄዱ ከሆነ በሄዱበት ጠዋት ከረጢቱን ያውጡና ያለ ከረጢት ይተዉት። ስኪመሩ፣ ድንጋዩና አሸዋው ለአንድ ሁለት ሳምንት ይበቃሉ፤ ተደፍኖ የሚበሰብስ ከረጢት ግን የሚጎዳ እንጂ የሚረዳ አይደለም። ገንዳውን የሚጠብቅልዎት ዘመድ ወይም ጎረቤት ካለ የየቀኑን ምግብ በትናንሽ ዕቃ ለያይተው ያስቀምጡለት፤ ሰው በደግነት አብዝቶ ይመግባልና። ሲመለሱ መጀመሪያ ድንጋዩን ይንፉ፣ ከዚያ ንጹሕ ከረጢት ይግጠሙ፤ ያንን ከረጢት ሦስት ቀን ሳይጠብቁ በማግሥቱ ይቀይሩት።